ሽማግሌ ያስቆመ ማግኔት

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ቢያንስ ቢያንስ ስለ ደም ግፊቱ ማውራት ይጀምራል። እኔ ግን በርን ከማግኔት ጋር አፋቀርኩ። ከዚያ ማለያየት አቃተኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ከመሃሉ ከተጀመረ ሞኟ እኔ ብቻ እመስላለሁ፤ ከሥሩ ከተጀመረ ግን ሞኝነቱን የሚካፈለኝ አይጠፋም።

ጉለሌ ውስጥ አንድ ኮሌጅ አጠገብ ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ጠባብ ናት፤ ደንበኛ ሊያስነጥስ ሲል ወጥቶ አስነጥሶ ይመለሳል። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያመጣሉ፣ እኔ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። የራሴ ትምህርት የቆመው አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ እናታችን ስታርፍ ታናሽ እህቴን ቤዛን የሚያሳድግ ሰው አስፈልጎ ነበር። ታዲያ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ ቆሞ ማየት ስለሚሰለች አነባለሁ። እንዲህ ሳነብ ስንቱን አወቅኩ መሰላችሁ! ስለ ዶሮ በሽታ ጠይቁኝ። ስለ ብድር አመላለስ ጠይቁኝ። የማላውቀው ማሽኑ የጎረሰውን ገጽ ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

አንድ ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ ተማሪ መጣ። ጽሑፉ በሞተርና በትራንስፎርመር ውስጥ ያለውን የማግኔት መስክ ፋይናይት ኤለመንት በሚባል ዘዴ ስለማስላት ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ እንደ ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቢሆንም አነበብኩት። ልጁ ሥዕሎቹን ለማረም ብሎ የማስያውን ፕሮግራም እኔው ኮምፒውተር ላይ ጫነና ተመርቆ ሄደ። ፕሮግራሙ እኔ ጋ ቀረ። በስተርጅና የወለድኩት ልጅ በሉት።

ዘዴው ምን መሰላችሁ? ማግኔት በብረቱና በአየሩ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ጉርሻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሥዕሉን በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ትከታትፉታላችሁ። እያንዳንዷ ሦስት ማዕዘን የምታውቀው ጎረቤቶቿን ብቻ ነው። «አንቺ ጋ ስንት ደረሰ?» ትላለች። «እኔ ጋ ይህን ያህል፣ አንቺስ?» ትላለች ያቺ። ሲጠያየቁ፣ ሲጠያየቁ፣ መላው ይታወቃል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄማ የቁስቋም ወሬ ነው! እኛ ሠፈር ሙሉውን ነገር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ግን እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ግቢ የሰማውን ይዟል፤ እስኪመሽ የማን ልጅ ከማን ጋር ታክሲ እንደጠበቀች ሠፈሩ በሙሉ አስልቶ ይጨርሳል። ለካ ሳናውቀው መሐንዲሶች ነን።

ለኮምፒውተሩ መንገር ያለባችሁ አንድ ነገር ድንበሩን ነው። «ከዚህ ወዲያ ምንም የለም» ትሉታላችሁ፣ እሱም እዚያው ላይ ያቆማል። እኔ አጥራችንን ድንበር አደረግኩለት። ከአጥራችን ውጭ ምንም ነገር የለም አልኩት። አመነኝ። ምን ያድርግ፣ ጉለሌን አያውቅ።

አሁን ወደ በሩ። ግቢያችን ውስጥ ተከራዮች አሉ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ከዶሮም ከደወልም አይገጥምም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚነሣው አባባ ነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ማነው?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ይከፍታል። ቁልፍ እናባዛላቸው ብለን ነበር፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ የእሱን ከሊጥ ጋር አቡክቶት ነው መሰለኝ ጠፋ። እኔ ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ቁልፍ ብቻ ተጭኖ በሩን ቢከፍትስ? ከበሩ መቃን ላይ ማግኔት፣ ከበሩ ላይ ብረት፤ መብራት ሲኖር ይያዛሉ፣ ቁልፉ ሲነካ ይላቀቃሉ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ አባባ።

«መብራት ሲጠፋ ማግኔቱም ይሞታል። በሩ በራሱ ይለቃል፤ ማንም ተቆልፎበት አይቀርም።»

«ሌባስ?»

«ሌባውም እኮ መብራት ሲጠፋ አያይም።»

አባባ ረጅም ጊዜ አየኝና «አንቺ ልጅ ትምህርትሽን ባታቋርጪ ኖሮ የት በደረስሽ» አለ። ያኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ውስጥ የብረት ዓይነቶች ተደርድረዋል። «ንጹህ ብረት» የሚለውን መረጥኩ፤ ስሙ ደስ አለኝ። አሰላሁት፣ አማረልኝ። ንጹህ ብረት ፍለጋ ምናለሽ ተራ ብወርድ ግን ነጋዴው «እህቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው» አለኝ። ያገኘሁት የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ነው፤ ያ ከጎማው በላይ ተደራርቦ የመኪናውን ሸክም የሚችለው ብረት። ብረት ብረት ነው አልኩና አስቆርጬ፣ ፊቱን አስሞርጄ እንደ መስታወት አስለሰለስኩት። ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ሽቦ ፈትቼ ጠቀለልኩበት። የድሮውን መወርወሪያ «ከእንግዲህ ምን ይሠራል» ብዬ አስነቅዬ ጣልኩት። አዎ፣ ጣልኩት። ሌላም ነገር ልንገራችሁ፤ ብረትና ብረት ሲጋጭ ተከራዮቹን እንዳይቀሰቅስ የማግኔቱ ፊት ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፍኩበት።

ሠራ! ክረምቱን ሙሉ ሠራ። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፣ ሲመጣ ይይዛል። ጎረቤት ዕቃ ሊዋስ ሲመጣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ እጫንለታለሁ፤ አንዱ ለመክፈቻ፣ አንዱ ለኩራት። ስለ ሦስት ማዕዘኖቹ ሳስረዳ ሰዎች የመጡበትን ረስተው ይሄዱ ነበር። አሁን ሳስበው የረሱት ሳይሆኑ የሸሹ ናቸው።

በዚህ መሃል ለቤዛ ሽማግሌ መጣ።

ልጁ ናትናኤል ይባላል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ታፈሰ ናቸው የሽማግሌዎቹ መሪ። ጋሽ ታፈሰ ደግሞ ምን ልበላችሁ... ቡናው ቢቀዘቅዝ የተናቁ የሚመስላቸው ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መጡ፣ እንደ ወጉ «ሳይሰጠን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፣ አባባም እንደ ወጉ «ከዘመድ ልማከር» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ወጉ ይሄው ነው፣ ማንም አይቀየምም። ጋሽ ታፈሰ ግን ተቀየሙ። «አንድ ጊዜ እመለሳለሁ። ያን ቀን ደግሞ ብቆም፣ ሦስተኛ እግሬ እዚያ ደጅ አይረግጥም» ማለታቸውን ናትናኤል ለቤዛ ነገራት፤ ቤዛም ለእኔ። ያለ አጎቱ ደግሞ ልጁ አንድ እርምጃ አይራመድም።

በዚህ ላይ አባባ ሰሞኑን «እስከ ፋሲካ ቢቆይ ምናለበት» ማለት ጀምሯል። ስለ ልጁ ክፉ አይናገርም። ብቻ ቤዛ ሻይ ይዛለት ስትመጣ ብርጭቆውን ቶሎ አይቀበላትም።

«እታለም፣ ሊያዘገያቸው ነው» አለችኝ ቅዳሜ ማታ፣ ዓይኗ ቀልቶ። «እኔ ይሄ ነገር ካለፈኝ... በቃ አልችልም።»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት። እህት ወንድም ያላችሁ ሰዎች፣ ይህችን ቃል ከአፋችሁ አታውጧት።

እሑድ ጠዋት ተከራዮቹ ወጥተዋል፣ አባባ ከቅዳሴ ተመልሶ ኮቱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ግቢው ተጠርጓል። ቤዛ ደጅ ወጥታ በሩን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«እታለም፣ ይሄ ቢጫ ፕላስተር ምንድነው? የተሰበረ እግር አስመስሎታል እኮ! እንግዳ እየመጣ?»

እውነቷን ነው፤ ክረምቱ አጠውልጎት ጫፍ ጫፉ ተልጧል። እኔ ግን እንደ ዋዛ አልላጥኩትም፤ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ያለ ፕላስተር አሰላሁት። ሲበራ፣ አያያዙ ከበፊቱ በብዙ ይበልጣል። ሲጠፋ፣ ዜሮ። ጥርት ያለ፣ የተባረከ ዜሮ። ፕላስተሩን ላጥኩ፣ ፊቱን በጨርቅ ወለወልኩ፣ በሩን ገፋሁት። «ቷ!» አለ። እንዴት ያለ ድምፅ! የባንክ ካዝና በሉት። ከፍቼ ልሞክረው ስል ቤዛ ከጓዳ ጠራችኝ፣ ሄድኩ።

መብራት ጠፋ።

«ቤቶች!» አለ ከውጭ አንድ የወንድ ድምፅ። ጋሽ ታፈሰ ናቸው።

«ደጆች! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ!» አልኩ እየሮጥኩ።

«እሺ፣ ክፈቺልና።»

«ክፍት ነው ጋሼ! መብራት ጠፍቷል፣ ስለዚህ ክፍት ነው!»

«መብራትና በር ምን አገናኛቸው?»

ገፉ። እኔ ሳብኩ። በሩ ንቅንቅ አላለም፤ የአጥሩ ቆርቆሮ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ። እንደገና ሳብኩ። በሁለት እጄ ይዤ እግሬን መቃኑ ላይ ተክዬ ሳብኩ፤ ነጠላዬ ወደቀ፣ በሩ አልወደቀም።

«ገባኝ» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ገባኝ። በቀጠሮ ጠርቶ በር መዝጋት።»

«ትንሽ እንታገሥ» አለ ሌላ ረጋ ያለ ድምፅ። መምሬ ናቸው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

አባባ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። እንደ ወጉ እሱ ሳሎን ተቀምጦ ነበር መጠበቅ ያለበት፤ አሁን ኮቱን እንደለበሰ ከእኔ ጋር በር እየጎተተ ነው።

«አቶ ታፈሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልን! በሩ እምቢ ብሎ ነው!»

«በር እምቢ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እምቢ የሚለው ባለቤቱ ነው። ከሆነ እዚሁ ቆመን ጉዳያችንን እንናገርና እንሂድ።»

«የለም! ልጅ በተዘጋ በር አይጠየቅም፣ አይሰጥም!»

«ታዲያ ይክፈቱት!»

«የዘጋችው ልጄ ናት!»

ከውጭ ጉርምርምታ ተሰማ። «ልጅቷ? ልጅቷ አልፈልግም አለች?»

«እሷ አይደለችም! ትልቋ ናት!»

አባባ፣ ነፍሱን ይማረው ልል ነበር፣ ገና በሕይወት አለ።

«አሃ» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ እንቆቅልሽ እንደ ፈታ ሰው። «ታላቅ ሳትዳር ታናሽ እንዴት ትዳር ብላ ነዋ። ታዲያ ይሄ መቼ ጠፍቶን! ቀድሞ ቢነገረን ለእሷም ሰው እንፈልግ ነበር።»

«ኧረ ጋሼ!» ጮህኩ በቁልፍ ቀዳዳው። «እኔ ቅር አላለኝም! ቅር ያለው ባሌስትራው ነው!»

«ማነው እሱ ደግሞ?» አሉ መምሬ።

ቤዛ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔን ነው የምታየው፤ ሕፃን ሆና ትኩሳት ሲይዛት ታየኝ እንደነበረው። ያኔ ደግሞ ቢያንስ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አደርግላት ነበር። ከውጭ የጫማ ኮቴ ሲዞር ሰማሁ፤ ሊሄዱ ነው።

ይሄኔ ነው ያ ማሽኑ የጎረሰው ገጽ ትዝ ያለኝ።

የልጁ ጽሑፍ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ፣ ስታገል ሳላነበው ቀርቼ ነበር። የተጨማደደውን ወረቀት ከማሽኑ ጥርስ ስጎትት ግን ከላይ ያለው ርዕስ ዓይኔ ገብቷል፤ ጠንካራ ብረት ኤሌክትሪኩ ከጠፋም በኋላ ማግኔትነቱን ይዞ እንደሚቀር የሚናገር ነው። ንጹህ ብረት ይረሳል። ባሌስትራ ቂመኛ ነው። ክረምቱን ሙሉ በሰላም ያኖረን ያ ቢጫ ፕላስተር ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገብቶ እንደ አስታራቂ ቆሞ ነበር። እኔ ለእንግዳ ክብር ብዬ አስታራቂውን ልጬ ጣልኩት። ኮምፒውተሩማ ምን አጠፋ፤ ንጹህ ብረት ነው አልኩት፣ እንደ ንጹህ አሰላው። ከአጥሩ ውጭ ምንም የለም አልኩት፤ የእህቴ ትዳር ሙሉውን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ታፈሰ! አትሂዱ! መኪና ይዛችኋል?»

«ለመሄጃችን ነው የምትጠይቂው?»

«ባትሪውን ፈልጌ ነው!»

ቂሙን ለማስረሳት ኤሌክትሪኩን ወደ ተቃራኒው መላክ ነው፣ ለቅጽበት። የማግኔቱን ሁለት ሽቦዎች ፈትቼ፣ በሌላ ሽቦ አስረዝሜ፣ በበሩ ሥር ወደ ውጭ አሾለክኋቸው። መምሬ ሹፌሩን ጠሩት። መኪናው በሩ ድረስ ተጠጋ፣ ኮፈኑ ተከፈተ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ሹፌሩ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል፣ ሻርፑን እስከ አፍንጫው ጠምጥሟል።

«ሹፌር፣ ሽቦዎቹን ባትሪው ላይ ነካ አድርጋቸው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ነካ አደረገ። «ቷ!» አለ ባሌስትራው። ለካ ሽቦው የተገናኘው በዚያው በድሮው አቅጣጫ ነው፤ የነበረው ቂም ላይ ሌላ ቂም ጨመርንበት።

«ጭራሽ ቆለፉት!» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «ሰማችሁ? በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«አገላብጠው! ሽቦዎቹን አገላብጣቸው!»

አገላበጠ። በሩ ለቀቀ ስል፣ እዚያው እንደገና «ቷ!» ብሎ ያዘ። ሽቦውን አቆይቶት ነበር፤ ሲቆይ ደግሞ ብረቱ በተቃራኒው ይቀየማል።

«ነካ አድርገህ ቶሎ ልቀቅ እንጂ!»

«ይሄ ሹፌር ምነው አይናገርም?» አለ አባባ ከጎኔ፣ ዓይኑን ስንጥቁ ላይ አድርጎ።

«ጉንፋን ይዞታል» አሉ መምሬ ፈጠን ብለው። መምሬ ሲዋሹ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ንስሐቸውን ለእግዚአብሔር እተዋለሁ።

«እሺ» አልኩ። «አሁን ሽቦዎቹን መልሰህ አገላብጥ። ነካ ሲያደርገው በአንድ ጊዜ ትገፋላችሁ። ሳይለቅ ገፍታችሁ ጠብቁ። ጋሽ ታፈሰ፣ እርስዎም።»

«እኔ? በር ልገፋ? እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ...»

«ትከሻዎ ሰፊ ነው አሉ» አልኩ። ይሄን ማን እንዳቀበለኝ አላውቅም። ግን ከበሩ ማዶ የኮት ቁልፍ ሲፈታ ተሰማ፤ ጋሽ ታፈሰ ትከሻቸውን በሩ ላይ ደገፉ። እኔና አባባ ወደ ውስጥ እንጎትታለን፣ እነሱ ከውጭ ይገፋሉ፤ ከሩቅ ያየን ሰው ሁለት ቤተሰብ በሩን ሊካፈል የተጣላ ይመስለዋል።

«ነካ!» አልኩ።

ነካ አድርጎ ለቀቀ።

በሩ ተበረገደ። እኔ አባባ ላይ፣ አባባ ግድግዳው ላይ። ጋሽ ታፈሰ እንደ ጥይት ገብተው፣ ሁለት እርምጃ ሄደው፣ ሦስተኛውን አጥተው፣ በተጠረገው ግቢ መሃል ዱብ ብለው በመቀመጫቸው ተቀመጡ። ባርኔጣቸው እየተንከባለለ ቤዛ እግር ሥር ሄዶ ቆመ።

የጋሽ ታፈሰ ፊት በመጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለማስላት ፕሮግራም አያስፈልግም።

የሰማሁት ግን የአባባን ድምፅ ነው።

«አቶ ታፈሰ፣ ተቀመጡ እኮ።»

«ወድቄ ነው!»

«መቀመጥ ያው መቀመጥ ነው። ሳይሰጠን አንቀመጥም ያሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ተቀምጠዋል።» አባባ ኮቱን አራገፈ፣ ወደ ቤዛ አየ፣ ብዙ ጊዜ አየ። «ከተቀመጡ ደግሞ ሰጥተናል ማለት ነው።»

ጋሽ ታፈሰ መሬት ላይ እንዳሉ አባባን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኚያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ሰውዬ ለካ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ እንባ ብቻ ነው የሚወርዳቸው። ቤዛ ባርኔጣቸውን አንሥታ አቧራውን አራግፋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፣ እጇንም ይዘው ተነሡ።

አባባ ወደ ደጅ ብቅ አለ። ሹፌሩ ሻርፑ ተፈትቶበት ኮፈኑ ሥር ተደብቋል፤ ለካ ናትናኤል ነው።

«አንተ ሹፌር» አለው፣ «ጉንፋኑ ሲሻልህ አንተም ግባ።»

በማግስቱ የማግኔቱን ሽቦ ቆርጬ ከዚያው ምናለሽ ተራ አዲስ መወርወሪያ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ንጹሁን ብረት አገኘሽው?» አለኝ። ቤት ስደርስ አባባ መወርወሪያውን አገላብጦ አየና «ይሄኛው ያስባል?» አለ። አያስብም አልኩት። «ጥሩ» አለ። በሩ ሲንኳኳ አሁንም የሚነሣው እሱ ነው፤ ግማሹን ጊዜ እቀድመዋለሁ።

የቤዛ ሠርግ ጥር ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት፣ ሚዜዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ አባባ መፍቻ ይዞ ወጣ። በሩን ከማጠፊያው ነቀለው፣ ከዳቦ ቤቱ ልጅ ጋር ተሸክሞ አጥሩ ላይ አስደገፈው። ቤዛ ለመልስ እስክትመጣ ድረስ አልገጠመውም።